ዳማው አይሸጥም

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ብርዱ ጉልበቷን ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። እንጅባራን መቼም ታውቂያታለሽ። አዲስ አበባ በረደን ስትሉ እንስቃለን።

ባለፈው በስልክ ያልሽኝን ሳብሰለስለው ሰነበትኩ። «አባዬ፣ ፈረሱን ለምን አትሸጠውም? ገብሱ ተወዷል፣ አንተም ጉልበትህ ደክሟል፣ የትም ለመሄድ ባጃጅ አለ» አልሽኝ። ልመልስልሽ ስል ኔትወርኩ ተቋረጠ። እንኳን ተቋረጠ። ያኔ ብመልስልሽ ተቆጥቼ ነበር የምመልስልሽ።

የጥር 23ን የፈረሰኞች በዓል በቴሌቪዥን እንዳየሽውም ነግረሽኛል። ደስ ይላል አልሽኝ። አዎ፣ ደስ ይላል። ግን ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው ግልቢያውን ነው። ስለ ማኅበሩ እኔም ቁጭ ብዬ አጫውቼሽ አላውቅም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ስታድጊ ትምህርትሽን እንጂ ሌላ ነገር አላስጠናሁሽም።

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዓመቱን ልብ በይው። ጣሊያን ገና ከአገር አልወጣም፤ ንጉሡ አዲስ አበባ የገቡት በ1933 ሚያዝያ ላይ ነው። ጠላት ባለበት አገር ፈረስና ጋላቢ ሰብስቦ ማኅበር ማቆም ቀላል ነገር አይደለም። የሰባት ቤት አገው አባቶች ግን በጊዮርጊስ ስም አቆሙት። የጊዮርጊስ ዝክር ሲባል ማን ምን ይላል? ይሄ የእኔ ግምት ነው፣ ግን ብልሃት ሳይሆን አይቀርም እላለሁ።

ደግሞ 23 ቁጥሩ እንዲሁ አልመጣም። አድዋ ላይ ጦርነቱ የሆነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነው። ማኅበሩ የሚዘክረው እዚያ የዘመቱትን ፈረሰኞች ነው፤ ፈረሶቹንም ጭምር። በዓሉ በጥር መሆኑም ለባላገር ይመቻል። እህሉ ጎተራ ገብቷል፣ ሰርጉ ደርቷል፣ ፈረሱም ትንሽ አርፏል።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለውን ተረት ታውቂዋለሽ አይደል? አያትሽ ይህን ተረት በፊቱ የሚተርትበትን ሰው አይወድም ነበር። «ማን ነው እሱ ያለው? በእግሩ የሄደ ሰው ነው» ይል ነበር። እውነቱን ነው። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ እያልን የምንጠራቸው ሰዎች ስሙን ያገኙት ከፈረሳቸው ነው። ሰው በማይዋጋ እንስሳ ስም አይፎክርም።

የእኛ ቅድመ አያት አድዋ ዘምቷል ብዬ ግን አልዋሽሽም። በበዓሉ ቀን ሜዳው ላይ የአድዋ ዘማች የልጅ ልጅ ነኝ የማይል አታገኚም። ሁሉም እንደዚያ ቢሆን ምኒልክ ሌላ ጦር ባላስፈለጋቸው ነበር። የእኛ ቤት ወደ ማኅበሩ የገባው በአያትሽ ነው፣ ያ ይበቃናል።

ዘንድሮ ዋዜማውን ግቢያችን አሥራ አንድ ፈረስ አድሯል። ከአንከሻና ከዚገም የመጡ ዘመዶች ናቸው። እናትሽ ጠላውን ቀደም ብላ ጠምቃ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ኮቴ ሲረግጥ፣ አንዱ ሲያሽካካ ሌላው ሲመልስ፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። እኔ እንደሆነ ከዚያ ድምፅ የሚጣፍጥ ነገር አላውቅም። ወንድምሽ ግን ጥጥ በጆሮው ወትፎ ተኛ።

ጠዋት ዳማውን ፈረሳችንን አጥበን ጫንነው። ግላሱ፣ ያ የፈረሱ ጌጥ ልብስ፣ ጠርዙ ተተልትሏል፣ እሱን ኋላ እነግርሻለሁ። ከሳጥኑ ሥር የአያትሽን እርካብ አውጥቼ ለወንድምሽ አሳየሁት። አይተሽው አታውቂም መሰለኝ። የእግር አውራ ጣት ብቻ የምታስገባ ትንሽ ቀለበት ናት። ያኔ በባዶ እግር ነበር የሚጋለበው። ወንድምሽ ስኒከሩን አውልቆ ጣቱን ቢያስገባ አመመው። «በዚህ ነው ጦርነት የሄዱት?» አለኝ። ስንት ዓመት ስለ ታሪክ ሳወራለት አንድ ቀን እንደዚያ ደንግጦ አይቼው አላውቅም።

ሜዳው ላይ የሆነው ግን አናዶኛል። ፈረሶቹን ከማለዳ አሰልፈው ፀሐይ ላይ አቆሟቸው። ንግግር፣ ከዚያ ሌላ ንግግር፣ ከዚያ የምስጋና ወረቀት። እንግዶቹ ድንኳን ውስጥ የታሸገ ውኃ ይጠጣሉ፣ የሩቅ መንገድ የመጣው ፈረስ ምላሱን ያወጣል። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ኮርቻ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በዩኔስኮ እናስመዝግበው የሚል ነገርም ተነሳ። ይመዝገብ፣ አልጠላሁም። ዩኔስኮ ግን ገብስ አይገዛም።

ግልቢያው ሲጀመር ሁሉንም ረሳሁት። እኔ ከሽማግሌዎቹ ጋር በዝግታ ዞርኩ። ጉግሱን ለጎረምሶቹ ተውንላቸው። ሸሺው ጋሻውን ወደ ኋላ አድርጎ ሲበር፣ አሳዳጁ ዘንግ ሲወረውርበት፣ አቧራው ሰማይ ሲነካ፣ የእኔም ልብ አብሮ ይጋልባል። ጉልበቴ ግን አይጋልብም፣ ልክ ነሽ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለዚህ ነው ደብዳቤውም የረዘመው። ከሰልፉ መሀል አንዲት ልጅ አየሁ። አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሹሩባ ተሠርታ፣ ነጭ ለብሳ፣ አምባላይ ፈረስ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ልጓሙን ላላ አድርጋ ነው የያዘችው፣ እንደ አዋቂ። አንቺ በእሷ ዕድሜ «እኔም ልጋልብ» ብለሽ ስታለቅሺ «ሴት ልጅ ፈረስ ላይ የምትወጣው ስትዳር ነው» ያልኩሽ ትዝ አለኝ። አንቺ ረስተሽው ይሆናል። እኔ ያን ቀን ከሜዳው እስክመለስ ስለ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

አሁን ወደ ገብሱ ልመለስ። ፈረስ መያዝ ከባድ ሆኗል ያልሽው እውነት ነው። ድሮ የጋራ ግጦሽ የነበረው ሜዳ ላይ ዛሬ ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ ተተክሏል። ለከሰል ጥሩ ዋጋ ያወጣል፣ ገበሬውን አልፈርድበትም። ግን ፈረስ ዲከረንስ አይግጥም። ድርቆሽ እየገዛን ነው።

ባጃጅ አለ ላልሽው ደግሞ፣ ማኅበሩ በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚሰበሰብ አይምሰልሽ። ባለፈው ኅዳር የማኅበራችን አንድ አባት አረፉ። ፈረሳቸው በሙሉ ጌጡ ተጭኖ፣ ኮርቻው ባዶ ሆኖ፣ ከለቅሶው ፊት ተሳበ። እኛም በየፈረሳችን ዙሪያውን ወጣን። ሚስታቸው ፈረሱን አንገቱን አቅፈው ሲያለቅሱ የቆመው ሰው ሁሉ አለቀሰ። ባጃጅ ተጭኖ ለቅሶ አይወጣም፣ ልጄ። ከዚያ በፊት ደግሞ ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተው ነገሩ ወደ ደም ሊሄድ ሲል ያስታረቋቸው የማኅበሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ቴሌቪዥን እዚያ አልነበረም።

ስለዚህ ዳማው አይሸጥም። ወንድምሽ ጠዋት ጠዋት ድርቆሹን ሊሰጠው ተስማምቷል። ከእርካቡ ወዲህ ጠባዩ ተለውጧል፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ እናያለን።

አንቺን የማስቸግርሽ ስለ ግላሱ ነው። ጠርዙን እናትሽ ልትጠግነው ጀምራ ክር አለቀባት። መርካቶ ስትሄጂ ደማቅ ቀይና ቢጫ የሱፍ ክር ፈልጊ፣ እዚህ ያለው በአንድ እጥበት ይለቃል። ለፋሲካ ስትመጪ ይዘሽው ነይ። ሱሪም ያዢ። ዳማው ለማዳ ነው፣ ከግቢው ጀርባ ያለው ሜዳም እስካሁን አልታረሰም።

አባትሽ
ከእንጅባራ