የዓርብ ማዕድ በፒትስበርግ

ፒትስበርግ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ባሕር ዳር

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ እየጠየቅሁ፣ ለእርስዎና ለእናቴ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በቀደም በስልክ ስንነጋገር «ካቶሊኮቹ በጾም ዓሣ እየጠበሱ ይበላሉ፣ አንቺም ዓርብ ዓርብ ከእነሱ አትለዪም ሲሉ ሰማሁ፤ ነገሩ ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። የሰጠሁዎት መልስ አጭር ስለነበር፣ ደግሞም በዚሁ ጉዳይ የእርስዎን ምክር አጥብቄ የምሻበት ነገር ስላለ፣ ዛሬ ረጋ ብዬ ልጽፍልዎ ተቀምጫለሁ። ዐይንዎን እንዳያደክሙ ወንድሜ ከስልኩ ላይ ያንብብልዎ።

በመጀመሪያ የሚያሳስብዎትን ልመልስ፤ ዓሣውን አልበላም። የጣና ዓሣ በደጃችን እየተሸጠ ሲያልፍ እንኳ በሁዳዴ ከቤታችን እንዳይገባ ያደርጉ ነበር፤ ያንን እዚህም ጠብቄአለሁ። በዓሣ ነገር በአገራችንም ሰው ሁሉ አንድ ቃል እንደማይናገር አውቃለሁ፤ ክርክሩን ለሊቃውንቱ ትቼ ባሳደጉኝ ሥርዓት ጸንቻለሁ።

የእነሱ ሥርዓት ከእኛው ይለያል። ጾማቸውን የሚጀምሩት በዕለተ ረቡዕ ግንባራቸውን በዐመድ የመስቀል ምልክት ተቀብተው ሲሆን፣ ዘንድሮ ያ ቀን እኛ ሁዳዴን ከያዝን በኋላ የካቲት 26 ዋለ። ከምግቡ ብዛት ቀንሰው እንዲጾሙ የታዘዙት በዚያ ረቡዕና በስቅለት ዓርብ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው 14 ዓመት የሞላ ሁሉ ግን በጾሙ ወራት ዓርብ ዓርብ ሥጋ አይበላም። ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አልተከለከሉም፤ ዓሣም ከሥጋ አይቆጠርም። ቀድሞ ከሥጋ መከልከሉ ዓመቱን ሙሉ በየዓርቡ ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት የቀሩትን ዓርቦች ግዴታ አንስተው የዐቢይ ጾሙን ዓርቦች አጸኑ። ዘንድሮ ደግሞ ደስ የሚለው ሁለቱም ፋሲካዎች በአንድ ቀን፣ ሚያዝያ 12፣ ስለሚውሉ እኛም እነሱም ስቅለትን በአንድ ቀን እናስባለን።

የጾም ነገር ነጋዴውን ጭምር እንደሚያዝዝ እርስዎ በሁዳዴ የሚዘጉትን ሥጋ ቤቶች እያዩ ይነግሩን ነበር። እዚህም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በእነሱው አቆጣጠር በ1962 በሲንሲናቲ ከተማ፣ በዳቦ መካከል ሥጋ አድርጎ የሚሸጠው የማክዶናልድስ ምግብ ቤት ቅርንጫፍ የነበረው ሉ ግሮን የሚባል ሰው፣ አካባቢው ካቶሊክ የበዛበት ስለነበር በጾም ዓርብ ገበያው ይሞትበታል። እርሱም በዳቦ መካከል የሚገባ የተጠበሰ ዓሣ አዘጋጀ። የኩባንያው ባለቤት ሬይ ክሮክ ደግሞ በሥጋው ቦታ አናናስ የገባበት ዳቦ ይሻላል ብሎ ስለነበር፣ ሁለቱም በአንድ ዓርብ ለገበያ ቀረቡና ዓሣው እጅግ በልጦ ተሸጠ። ዛሬ ያ የዓሣ ሳንድዊች በዓለም ዙሪያ ይሸጣል፤ ከየት እንደመጣ የሚያስታውሱት ግን ጥቂቶች ናቸው።

እኔ የምሄድበት የዓሣ ማዕድ፣ እነሱ ፊሽ ፍራይ የሚሉት፣ ከዚህ ዓይነቱ ንግድ የራቀ ነው። ፒትስበርግ ሦስት ወንዞች የሚገናኙባት፣ በብረት ፋብሪካዎቿ ስሟ የገነነ ከተማ ናት። በእነዚያ ፋብሪካዎች ለመሥራት ከፖላንድ፣ ከስሎቫኪያ፣ ከጣሊያንና ከአየርላንድ የመጡት ሰዎች በየሰፈራቸው የየራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ በጾም ዓርብም በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ዓሣ እየጠበሱ ለሰፈሩ ሰው በመሸጥ ገቢውን ለአጥቢያው አገልግሎት ያውሉ ጀመር። ፒትስበርግ በምትገኝበት በፔንስልቬንያ ግዛት አብዛኞቹ የእሳት አደጋ ጣቢያዎች ያለ ደመወዝ በሚያገለግሉ የሰፈር ሰዎች የቆሙ ናቸውና፣ እነሱም መኪኖቻቸውን ከጋራዥ አውጥተው በቦታው ጠረጴዛ ዘርግተው ዓሣ ይጠብሳሉ፤ ለቧንቧና ለመሣሪያ መግዣ የሚሆነውን ገንዘብ ከሚያገኙባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ማዕዱ የሚዘረጋባቸው ቦታዎች በከተማዋና በዙሪያዋ በመቶ የሚቆጠሩ በመሆናቸው፣ በየዓመቱ በጎ ፈቃደኞች ቦታዎቹን የሚያሳይ ካርታ ያዘጋጃሉ።

ዓሣው ከወንዞቹ የወጣ አይደለም፤ ከሩቅ ባሕር በረዶ ሆኖ የሚመጣ ኮድ ወይም ሃዶክ የሚባል ነጭ ዓሣ ነው። በዱቄትና ብዙ ጊዜ በቢራ በተበጠበጠ ሊጥ ተነክሮ በፈላ ዘይት ይጠበሳል፤ ቁራጩ ከዳቦው ስለሚበልጥ በሁለቱም በኩል ተርፎ ይወጣል። ከጎኑ የተጠበሰ ድንች፣ የጥቅል ጎመን ሰላጣ፣ ሃሉሽኪ የሚሉት በቅቤ የበሰለ ጥቅል ጎመንና ፓስታ፣ እንዲሁም ፒሮጊ የሚባል ድንችና አይብ በሊጥ የተጠቀለለበት ምግብ ይቀርባል። ፒሮጊውን አረጋውያን ሴቶች ቀደም ብለው ተሰብስበው እያወሩ፣ ጠርዙን በጣታቸው እየቆነጠጡ ያዘጋጁታል። እጃቸው ሲሠራ ለማየት ብቻ ሄጄ አብሬአቸው የተቀመጥሁበት ጊዜ አለ፤ እናቴ እንጀራ ስታወጣ የማያት ዓይነት እርግጠኝነት ስላለው ዐይኔን ለመንቀል ይከብደኛል።

ለእኛ ጾም የሚሆን ነገር ከዚያ ሁሉ መካከል አላገኘሁም፤ ድንቹ ራሱ በዓሣው ዘይት ይጠበሳል። ስለዚህ እዚያ ሻይ እጠጣለሁ፤ ምግቤን ቤቴ ገብቼ እበላለሁ። ወረፋው ሲረዝም ግን ቆሜ አላይም፤ ለመውሰጃ የሚሆነውን ሳጥን አጥፌ፣ ምግቡን እየሞላሁ፣ ለመጣው ሰው አቀብላለሁ። ስመለስ አንድ ሳጥን ገዝቼ ለጎረቤቴ አደርስለታለሁ፤ በወጣትነቱ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረ፣ አሁን ጉልበቱ ከቤት የማያወጣው ሽማግሌ ነው። እየበላ ስለ ፋብሪካው ሰዓት ፊሽካና በእነሱ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ሰፈሩ እንዴት ባዶ እንደቀረ ያወራልኛል። ሰው ቤት ውስጥ ብቻውን እንዳይቀር የሚያስታውሰው አንድ ዓርብ መኖሩ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

በአዳራሹ ውስጥ ያየሁትን ልንገርዎ። ጠረጴዛዎቹ ረጃጅም ናቸው፤ ማንም ከማንም አጠገብ ይቀመጣል። ካቶሊክ ያልሆነው፣ ምንም ሃይማኖት የሌለው፣ ሥራ ውሎ ከነሥራ ልብሱ የመጣው፣ ከልጅ ልጆቿ ጋር የመጣች አያት፣ ሁሉም በአንድ ረድፍ ይበላሉ። ወጣቶች ጠረጴዛ ያነሣሉ፤ አባቶች ከፈላው ዘይት ፊት ይቆማሉ፤ እናቶች የጋገሩትን ኬክ ያመጣሉ። ከዚያ በኋላ የፈለገ ወደ ቤተ መቅደሱ ገብቶ ጌታችን ወደ መስቀል የሄደበትን መንገድ 14 ቦታ እየቆመ በጸሎት ይከተላል። አባቴ፣ ይህን ሳይ የማስበው እርስዎ ሙሴ ሆነው የመሩትን ሰንበቴ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ዳቦው ተቆርሶ፣ ንፍሮው ቀርቦ፣ ከአባላቱ በፊት መንገደኛውና ችግረኛው ሲስተናገድ የነበረው።

ይህ ማዕድ ግን እየተዳከመ ነው። የፒትስበርግ ካቶሊክ ሀገረ ስብከት በእነሱ አቆጣጠር በ2018 የነበሩትን 188 አጥቢያዎች በ57 ምድብ አጠቃሏቸዋል፤ ምእመኑ አርጅቷል፣ ወጣቱ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል፣ የተዘጋ ቤተ ክርስቲያንም አዳራሹን ይዞ ይዘጋል። በምሄድበት አዳራሽ ዓሣውን የሚጠብሱት አብዛኞቹ የእርስዎ እኩያ ናቸው። ከባድ ድስት ሲያነሡ ሳይ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልሁም፤ ከዚያ ወዲህ ነው ዓርብ ዓርብ ከእነሱ የማልለየው።

አሁን ወደ ምክሩ ልምጣ። በከተማችን ያለነው ኢትዮጵያውያን ጥቂት ብንሆንም ለጸሎት የምንሰበሰብበት ቦታና ወጥ ቤት አለን። እነሱ በጾም ዓርብ ደጃቸውን ለሁላችን ከከፈቱ፣ እኛም ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ አልጫ ክክና እንጀራ ይዘን ደጃችንን የማንከፍትበት ምክንያት አይታየኝም፤ የእኛ የጾም ምግብ ቅቤም እንቁላልም የሌለበት ስለሆነ ከጎረቤቶቻችን መካከል የማይበላው ብዙ ሰው አይኖርም። ሐሳቡን ለጉባኤው አቅርቤ አብዛኞቹ ወደውታል፤ ካህናችንም ባርከውልናል። የስቅለት ዕለት ካቶሊኮቹ ሰው በብዛት የሚያስተናግዱበት ቀን ቢሆንም እኛ በስግደት የምንውልበት ስለሆነ አይሆንም፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት ባለው ዓርብ፣ ሚያዝያ 3፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ለማድረግ አስበናል።

ያልተስማማንበት አንድ ነገር አለ። ከፊሎቻችን እንደ አገሩ ልማድ ምግቡ በዋጋ ይሸጥ፣ ገንዘቡም ለቤተ ክርስቲያን መግዣ ይዋል ይላሉ። እኔ ግን የሰንበቴ ማዕድ ሲሸጥ አይቼ ስለማላውቅ፣ ከበሩ አጠገብ ሣጥን ተቀምጦ የፈለገ የፈለገውን እንዲጥል፣ ያጣ ደግሞ ሳይሸማቀቅ በልቶ እንዲሄድ እሻለሁ። ሣጥኑ ብቻውን ወጪውን ይሸፍን ይሆን? በእርስዎ ዘመን ተረኛው አቅም ሲያንሰው ሰንበቴው እንዴት ያግዘው ነበር? ደግሞስ ለማያውቁት እንግዶች ከማዕዱ በፊት ጸሎቱን ማን ቢያደርስ፣ ምን ያህልስ ቢያጥር ይሻላል? እናቴንም ለ80 ሰው ምን ያህል ሽሮ እንደሚበቃ ይጠይቁልኝ፤ እዚህ ያሉት እህቶች በግምት ተከራክረው አልተስማሙም።

ጉባኤው ጉዳዩን የሚወስነው መጋቢት 26 ማታ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ወንድሜ ስልኩን ይዞልዎ መልስዎን በድምፅም ቢሆን ቢልኩልኝ ለሁሉም አሰማዋለሁ። ለእናቴ፣ ለወንድሜና ለሰንበቴው አባላት ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ቡራኬዎ አይለየኝ።

ልጅዎ