ማታ ማታ ስለሚመጣብሽ ነገር

ወዳጄ፣

ስምንት ወር ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ደብዳቤ ስልክልሽ ምን እንደምትይኝ አውቃለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝና እንለፈው። ደግሞ አንቺም ብትሆኚ መልሱን በልብሽ ጽፈሽ ስታበቂ «ልኬልሻለሁ እኮ!» ብለሽ የምትከራከሪ ሰው ነሽ።

ብዕር ያስነሣኝ የሰኞው መልእክትሽ ነው። ማንኪያ ሲንቋቋ ጮኸሽ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ መናገር ያቃተሽ። «ኦቲዝምም ኤዲኤችዲም አለብሽ ከተባልኩ ወዲህ ጭራሽ ባሰብኝ» ብለሻል። አልባሰብሽም፣ ስም ወጣለት እንጂ። ስሙ የዘገየውም በአንቺ ጥፋት አይደለም፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ኦቲዝምንና ኤዲኤችዲን (ትኩረትንና ችኩልነትን መቆጣጠር የሚያስቸግርበትን ሁኔታ) በአንድ ሰው ላይ አብሮ መመርመርን የፈቀደው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው።

ማንኪያው ሞልቶ የቆየውን አፈሰሰው እንጂ አልሞላውም። የሞላው ከጠዋት ጀምሮ ነው፦ የቢሮው መብራት፣ ቀኑን ሙሉ ፊትሽን ለሰው ስታስተካክይ መዋልሽ፣ ሁለቴ የተቀየረው ስብሰባ፣ የተረሳው ምሳ። ለምን አልታወቀሽም? ኦቲዝም ባለበት ብዙ ሰው ረሃብ፣ ጥማትና ጭንቀት ከሰውነት ወደ አእምሮ የሚደርሱት ዘግይተው ወይም ተደበላልቀው ነው። ስሜትን ለይቶ መሰየም ማቃቱ አሌክሲቲሚያ ይባላል። በኤዲኤችዲ በኩል ደግሞ ሥራ ውስጥ ከሰመጥሽ ሰዓቱም ሆድሽም ይጠፋሉ፤ ስሜቱ ሲመጣም የሚይዘው ፍሬን ይላላል። ደወሉን የማይሰማና ፍሬኑ የላላ መኪና አስቢ።

ስለዚህ ራስሽን «ምን ተሰማኝ?» ብለሽ አትጠይቂ፣ መልስ የለውም። መንጋጋዬን ነክሻለሁ? ትከሻዬ ጆሮዬ ጋ ደርሷል? አንዱን ዐረፍተ ነገር ሦስቴ አንብቤዋለሁ? ትንሹ ድምፅ ጮኸብኝ? ከአራቱ ሁለቱ «አዎ» ከሆኑ ወዲያው ተነሺ። ዐሥር ደቂቃ ጨለምለም ያለና ጸጥ ያለ ቦታ፣ ውኃ፣ የሚቀመስ ነገር። በየሦስት ሰዓቱ ስልክሽ ይጥራ። ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥሪውን መስማት ታቆሚያለሽ፤ የኤዲኤችዲው ወገንሽ ያልተለወጠ ነገር አያይም፣ የኦቲዝሙ የተለወጠ ነገር ይጠላል። ጥያቄዎቹን እንዳሉ ተዪና የጥሪውን ድምፅ ብቻ ቀይሪ።

ይህን ለማለት ትንሽ ይከብደኛል፣ ሐኪምሽ አይደለሁምና። ጠዋት ሁለት ሰዓት የተዋጠ፣ ረጅም ጊዜ የሚሠራ የኤዲኤችዲ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ኃይሉ ያልቃል፤ ሲያልቅ አንዳንዱን ሰው ያነጫንጨዋል። የአንቺም ጩኸት ማታ ማታ ነው። ለሁለት ሳምንት ኪኒኑን፣ ምግቡን፣ እንቅልፉንና የፈነዳሽበትን ሰዓት ብቻ ጻፊና ወረቀቱን ለሐኪምሽ አሳዪ። በራስሽ አትጨምሪ፣ አታቋርጪም።

አንዴ ከፈነዳ በኋላማ ወሬ ይቅር። «ተረጋጊ» የሚለውም ቃል ተጨማሪ ጫጫታ ነው። መብራት ይቀነስ፣ ቀዝቃዛ እርጥብ ፎጣ ፊትሽ ላይ አድርጊ፣ ከምትስቢው አየር የምታስወጪው ይርዘም። መቁጠሩ ካናደደሽ ተዪውና ግድግዳውን በሁለት እጅሽ ገፍተሽ ሃያ ሰከንድ ቆዪ። አንደበትሽ ለሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ አሁን፣ ደህና ሆነሽ ሳለ፣ ስልክሽ ላይ ጽፈሽ አስቀምጪ፦ «አልተቆጣሁም። መናገር አልቻልኩም። ጥያቄ አትጠይቁኝ። ነገ እናወራለን።» ይቅርታውም ለነገ ይቆይ፤ ያን ማታ ከጀመርሽው ማብራራቱ መልሶ ያፈነዳሻል። ስትጠይቂም ስለ ጩኸቱ እንጂ ስለ ጆሮሽ ይቅርታ አትጠይቂ።

ሌላም ነገር ነበረኝ፣ እንዴት እንደምለው አላውቅም። ከዚያ ዝምታ ውስጥ ሆነሽ ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ የሚመጣብሽ ከሆነ ወረቀቱ ሁለት ሳምንት እስኪሞላው አትጠብቂ። ለሐኪምሽ ያኑ ቀን ንገሪ፣ ለእኔም በማንኛውም ሰዓት ደውዪ። መናገር ካቃተሽ ደውለሽ ዝም በይ፣ ይገባኛል።

መልስ እንዳትጽፊ፤ አንቺ ረጅም መልስ ስታስቢ ዓመት ያልፋል። የወረቀቱን ፎቶ ብቻ ላኪልኝ። ባዶም ቢሆን ላኪው።

ያቺው ጠፊዋ ጓደኛሽ