ኦቲዝም ያለበት ልጅ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ይሄን የምጽፈው ድንገተኛ ክፍል የሚሰሩ ባለሙያዎች እንዲያነቡልኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እኤአ በ2021 ከ127 ሰው አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል፣ ስለዚህ እነዚህ ልጆች እናንተ ጋ መምጣታቸው አይቀርም። ቦታው ደግሞ ለነሱ በጣም ከባድ ነው፣ መብራቱ፣ የሞኒተሩ ጩኸት፣ የአልኮሉ ሽታ፣ የማያውቁት ሰው ድንገት ሲነካቸው፣ ሁሉም ባንዴ ሲመጣበት ልጁ ጆሮውን ይዞ ቢጮህ ባለጌ ሆኖ አይደለም እናቱም ሳትቀጣው ቀርታ አይደለም።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ የህመሙ ነገር ነው። አንዳንዱ ልጅ አጥንቱ ተሰብሮ እንኳን ላያለቅስ ይችላል፣ ሌላው ጆሮው ወይ ጥርሱ ሲያመው ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል፣ ይሄን አይቶ "ኦቲዝሙ ነው" ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው። እባካችሁ ወላጁን ጠይቁ፣ ሲያመው ምን ያደርጋል፣ ዛሬ ከወትሮው ምን ተለየበት በሉ። የማይናገር ልጅ ደግሞ አይሰማም ማለት አይደለም እኮ፣ ፊቱ ስለሱ የምታወሩትን ይሰማል።

የደም ግፊት መለኪያው ክንድ ላይ ሲነፋ ያስደነግጣል፣ መጀመሪያ እናቱ ክንድ ላይ አስራችሁ ብታሳዩት፣ ከዛ በእጁ ነካ ነካ ቢያደርገው ብዙ ጊዜ እሺ ይላል። ጉዳዩ የማያስቸኩል ከሆነ ከመርፌ በፊት የሚያደነዝዝ ክሬም ቀብቶ 1 ሰዓት ያህል መጠበቅም ይቻላል። ተሰብስቦ ጠፍሮ መያዝ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፣ የሚያናግረውም አንድ ሰው ብቻ ቢሆን። ወረፋውን በተመለከተም እኛ ወላጆች ልጁ ካልባሰበት ቅድሚያ ስጡን አላልንም፣ ከጫጫታው ራቅ ብለን እንጠብቅና ተራችን ሲደርስ በስልክ ጥሩን ነው የምንለው።