የሰፋህልኝ ጥቁር ሱፍ ባሕር ላይ

አዲስ አበባ፣ ፒያሳ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የሐዋሳው አየር ተስማምቶህ ይሆን? እኔና ቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከፒያሳ ተነሥተህ ወደ ልጅህ ዘንድ ከሄድህ ሰባት ዓመት ሊሞላ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በየሳምንቱ እንደዋወል ነበር፤ ቀጥሎ በዓመት በዓል ብቻ ሆነ፤ ስልክህ ከተቀየረ ወዲህ ደግሞ አዲሱን ቁጥር ጠይቄ ማግኘት ሲገባኝ፣ ዛሬ ነገ እያልሁ ይኸው አራት ዓመት ሙሉ ድምፅህን ሳልሰማ ቀረሁ። ጥፋቱ የእኔ ነውና ይቅርታህን እለምናለሁ። ይህን ደብዳቤ በመጪው ሳምንት ወደ አንተ የምትመጣው የእህትህ ልጅ ታደርስልኛለች።

ብዕር ያስነሣኝ ያ የሰፋህልኝ ጥቁር ሱፍ ነው። ባለፈው እሑድ ለሰርግ ልለብሰው ከቁም ሣጥን አውጥቼ የውስጥ ኪሱን ስፈትሽ፣ ጠርዟ ወርቅማ የሆነ አንዲት የእራት ዝርዝር ካርድ እጄ ላይ ወጣች። ካርዷ ከመርከብ ላይ የመጣች ናት። ባለፈው ጥር አሜሪካ ያለችው ልጃችን እኔንና እናቷን ይዛን፣ ከማያሚ ተነሥቶ የካሪቢያንን ደሴቶች በሰባት ሌሊት በሚዞር የሽርሽር መርከብ ተሳፍረን ነበር። ባሕሩንና ደሴቶቹን ፎቶግራፎቹ ይነግሩሃል፤ እኔ የምጽፍልህ ስለ እራቱ ልብስ ነው፤ ይህን ነገር ካንተ በቀር ማንም በሙሉ ልቡ እንደማያዳምጠኝ ስለማውቅ።

ከጉዞው አስቀድሞ የመጣልን ወረቀት ከሰባቱ ምሽቶች ሁለቱ የክብር እራት ምሽቶች መሆናቸውን፣ ወንዶች ቶክሲዶ የሚባለውን የክብር እራት ኮት ወይም ሙሉ ሱፍ ከከረባት ጋር፣ ሴቶች ደግሞ ረጅም የምሽት ቀሚስ እንዲለብሱ ይጠይቃል። ይህን ሳነብ የተሰማኝን ደስታ አንተ ትረዳዋለህ። በ1966 ዓ.ም. የሆቴል አስተናጋጅ ሆኜ ስቀጠር የመጀመሪያ ትምህርቴ ምግብ ማቅረብ አልነበረም፤ የእንግዳን ኮት ተቀብሎ መስቀል፣ ከረባት ለሌለው እንግዳ ደግሞ ሳያፍር ከመዝጊያው ጀርባ ከተሰቀሉት መካከል አንዱን አቅርቦ ማሰር ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ከጠረጴዛው በዚህ በኩል ቆሜ ስመለከተው የኖርሁትን ሥርዓት፣ በስተርጅና በወዲያኛው በኩል ተቀምጬ ላየው ነው ብዬ ሱፉን በገዛ እጄ እርጥብ ጨርቅ አልብሼ ተኮስሁት፤ ሳላጣጥፍም በማንጠልጠያው እንዳለ ተሸክሜው ሄድሁ።

የመጀመሪያው የክብር ምሽት በሁለተኛው ቀን፣ መርከቡ የትም ሳይቆም ባሕር ላይ በዋለበት ዕለት ነበር። ከምግብ አዳራሹ ፊት ያለው ደረጃ ላይ ፎቶ አንሺዎች መጋረጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ፤ ከመብራቱ በታች አንዳንድ ባልና ሚስት እንደ ሙሽራ ለብሰው ይነሣሉ። እኔና ባለቤቴ ተራ ይዘን ከቆምንበት ፊት ለፊት ግን ቁምጣ፣ ካናቴራና ነጠላ ጫማ ያደረገ፣ ኮፍያውንም ያላወለቀ ጎልማሳ ነበረ። በሩ ላይ የቆመችው አስተናጋጅ ዝቅ ባለ ድምፅ ስለ ልብሱ ስትነግረው፣ ገንዘቡን ከፍሎ ለዕረፍት እንጂ ለስብሰባ እንዳልመጣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ ተናገረ። አለቃዋ ተጠራ፤ ተነጋገሩ፤ ሰውየውም ገባ። የልጅቱን ፊት ባየህ ኖሮ አንጀትህን ይበላህ ነበር። ወረቀቱ የሚለውን ስላለች በሰው ፊት ያፈረችው እርሷ ናት።

ከእኛ ጋር አንድ ጠረጴዛ የደረሳቸው ነጭ የእራት ኮት የለበሱ አዛውንትና ባለቤታቸው ነበሩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በመርከብ እንደተጓዙ፣ ዱሮ ቶክሲዶ ላልያዘ ሰው መርከቡ ላይ ኪራይ እንደነበረ፣ የመርከቡ አዛዥ ራሱ በክብር ልብሱ በር ላይ ቆሞ እንግዶቹን አንድ በአንድ ይጨብጥ እንደነበረ ለልጄ ያወሯት ነበር። እርሷ ስትተረጉምልኝ እኔ በዓይኔ አዳራሹን እቆጥራለሁ፤ ሥርዓቱን ጠብቆ የለበሰው ሰው ከግማሹ አይበልጥም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የእኛ አስተናጋጅ ከፊሊፒንስ የመጣ፣ ስምንት ወር በሚፈጅ ኮንትራት የሚሠራ ወጣት ነው። የባሕር ፍጥረት እንደማንበላ ስንነግረው የዚያን ምሽት ዋና ምግብ የነበረውን ሎብስተር ያለ አንዳች ጥያቄ አንሥቶ ሥጋ አመጣልን። ሳህኑን ሲያስቀምጥ የኮቱ እጅጌ ጫፍ ከዓይኔ አንድ ስንዝር ራቀ። ጫፉ በልቷል፤ ነገር ግን ከጨርቁ ጋር በሚመሳሰል ክር፣ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ጥቃቅን በሆነ የእጅ ስፌት ተደፍኗል። ያን ስፌት አውቀዋለሁ። የደንብ ልብሴ ሲያልቅ ደመወዝ እስኪደርስ እኔም ሌሊት ሌሊት እንዲሁ አደርግ ነበር፤ ስፌቱንም ያስተማርኸኝ አንተ ነህ። እርሱም በበኩሉ የኮቴን ኮሌታ ተመልክቶ፣ የቁልፍ ቀዳዳው በእጅ መርፌ የተሠራ መሆኑን በጣቱ እያሳየ ማን እንደሰፋልኝ ጠየቀኝ። ከዶሮ ማነቂያ ወረድ ብሎ ሱቅ የነበረው ወዳጄ ነው አልሁት። የሱቅህ ረድፍ በ2016 ዓ.ም. ከሰፈሩ ጋር እንደፈረሰ ግን አልነገርሁትም።

በዚያች ሰዓት የገባኝ ይህ ነው። የእራት ልብስ ሥርዓት ጠረጴዛውን ከሁለት ወገን የሚያስተሳስር ነበር፤ አንዱ ለብሶ ይመጣል፣ አንዱ ለብሶ ይቀበላል። አሁን እንግዳው ሸክሙን አውርዷል፤ አስተናጋጁ ግን አላወረደም። ሰደርያው እንዳለ ነው፣ ከረባቱ እንዳለ ነው፣ የተተኮሰው ሸሚዝ እንዳለ ነው። ቁምጣ ለለበሰ ሰው ጎንበስ ብሎ ወይን የሚቀዳው በሙሉ ልብስ ነው። አለባበስን ስላቃለለ ማንንም አልከስስም፤ በአንድ ወገን ብቻ መቅረቱ ግን ከዚያ ምሽት ጀምሮ ከልቤ አልወጣም።

ከተመለስሁ በኋላ ልጄን አስቸግሬ ነገሩን አጣራሁ፤ የለውጡ መንገድ ከገመትሁት በላይ ረጅም ሆኖ አገኘሁት። ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 ፍሪስታይል ያለውን አሠራር ጀምሮ፣ እንግዳው በፈለገው ሰዓት፣ በፈለገው አዳራሽ፣ ያለ ግዴታ ልብስ እንዲበላ ፈቀደ። ሴሌብሪቲ ክሩዝስ እ.ኤ.አ. በ2015 የክብር ምሽቶቹን ትቶ ኢቭኒንግ ሺክ (ያማረ የምሽት አለባበስ እንደማለት) በሚል ስም ተካቸው፤ በዚህም ኮት ግዴታ መሆኑ ቀረ፣ ያማረ ጂንስም ተፈቀደ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያ የባሕር መርከቡን ያሰማራው ቫይኪንግ ከመነሻውም የክብር ምሽት የሚባል አላወጣም። እ.ኤ.አ. በ1840 የመጀመሪያ መርከቡን ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ የላከው ኩናርድ በበኩሉ፣ ደንቡን ከበፊቱ ቢያለዝበውም፣ የክብር ምሽቶቹን እስከ ዛሬ ይዟል፤ መልበስ ለማይፈልግ ሰው ቡፌውንና መጠጥ ቤቱን ክፍት ይተውለታል።

ምክንያቱ ደግሞ የሰው ስንፍና ብቻ እንዳይመስልህ፤ እኔም መጀመሪያ እንዲያ ብዬ ተቆጥቼ ነበር። ዱሮ መንገደኛው ሣጥኑን ይዞ በቀጥታ ወደብ ይወርዳል፤ ዛሬ አብዛኛው ሰው ወደቡ ድረስ በአውሮፕላን ይሄዳል። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ2008 ለመጀመሪያዋ ሻንጣ 15 ዶላር ማስከፈል ሲጀምር ሌሎቹም ተከተሉት፤ እንግዲህ ለሁለት ምሽት ብሎ ኮት፣ የቆዳ ጫማና ረጅም ቀሚስ የሚጭን ሰው በገንዘቡ የሚጭን ሆነ። ሦስት ልጆች ይዞ ለሚሄድ አባት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መርከቦቹም ሌላ ሆነዋል። ሮያል ካሪቢያን እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ያሰማራው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ እስከ 7,600 መንገደኛ ይይዛል፤ እንደዚያ ያለ ከተማ አንድ አዳራሽ ውስጥ በአንድ ዓይነት ልብስ ይቀመጥ ማለት ዘበት ነው።

አንተን ይበልጥ የሚያስደንቅህ ግን የቶክሲዶው ታሪክ ነው። በለንደን ሳቪል ሮው ያለው ሄንሪ ፑል የተባለው የልብስ ሰፊ ቤት እንደሚናገረው፣ እ.ኤ.አ. በ1865 ያን አጭር የእራት ኮት የሰፋው ለዌልሱ ልዑል ለኤድዋርድ ነው፤ ልዑሉም የፈለገው ከኋላ ጅራት ያለውን ረጅም ኮት ጥሎ፣ በቤቱ ከወዳጆቹ ጋር ቀለል ብሎ እራት ለመብላት ነበር። ስሙንም ያገኘው ኒው ዮርክ አጠገብ ካለው ቶክሲዶ ፓርክ ነው። ይህ ማለት እኔ የተጣሰብኝ የመሰለኝ ሥርዓት፣ ሲወለድ ራሱ ማቃለል ተብሎ የተወለደ ነው። ረጅሙን ኮት የለመዱ ሽማግሌዎች ያን አጭር ኮት ሲያዩ የተሰማቸው እኔ ቁምጣውን ሳይ ከተሰማኝ ይለይ ይሆን? ይህን እያሰብሁ ቁጣዬ በረደ። እኛስ ብንሆን የከረባቱ እራት ቀርቶ በሳፋሪና በካኪ የሚበላበትን ዘመን አስተናግደን የለም? የሰው ልብስ ይለዋወጣል፤ በዚህ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም።

ያልበረደልኝ በወረቀት የሚጻፈውና በበሩ ላይ የሚሆነው መለያየቱ ነው። የክብር ምሽት የለኝም የሚለውን አከብረዋለሁ፤ ማንንም አያታልልም። የክብር ምሽት አለኝ፣ ላልፈለገ ደግሞ ይኸው ሌላ አዳራሽ የሚለውን ይበልጥ አከብረዋለሁ። ለብሳችሁ ኑ ብሎ ጽፎ፣ ያልለበሰውን ድምፁን ስላሰማ የሚያስገባ ግን ያን የመሰለ ነጭ ኮት ለብሰው የመጡትን አዛውንት ሞኝ ያደርጋቸዋል፤ በር ላይ ያቆማትንም ልጅ ያዋርዳታል። እኔ አለቃ ብሆን ኖሮ ሕጉን ወይ እሠርዘው ነበር፣ ወይ ራሴ በሩ ላይ ቆሜ አስከብረው ነበር፤ ልጅቱን ለብቻዋ አላቆማትም።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርህና ወደ ጉዳዬ ልለፍ። በሁለተኛው የክብር ምሽት ባለቤቴ ልጃችን የገዛችላትን ጥቁር የምሽት ቀሚስ ትታ፣ ለጥምቀት ያሠራችውን የሀበሻ ቀሚስ ለበሰች፤ ነጠላውንም ጥለቱ ከፊት እንዲታይ አድርጋ ጣል አደረገችው። እኔ ይከለክሉን ይሆን ብዬ ሠግቼ ነበር። አዳራሹ ስንገባ ያ የፊሊፒንስ ልጅ ትሪውን አስቀምጦ ወንበሯን ሳበላት፤ በሩ ላይ የነበረችውም ልጅ መጥታ ጥለቱን በጣቷ ነካክታ የእጅ ሥራ መሆኑን ጠየቀች። የሀገር ልብስ ለእነርሱም ሙሉ የክብር ልብስ ነው፤ ኩናርድማ በደንቡ ላይ ከቶክሲዶውና ከወታደር የክብር ልብስ ጋር ጎን ለጎን አስፍሮታል።

ልጃችን በሚመጣው ዓመት በኩናርዱ መርከብ በኩዊን ሜሪ 2 ከእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ኒው ዮርክ ድረስ ልትወስደን አስባለች። ሰባት ሌሊት ባሕር ላይ ነው፤ የክብር ምሽትም አለበት። ስለዚህ ሁለት ነገር እለምንሃለሁ። አንደኛው፣ ጥቁሩን ሱፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ወገቡ ጠቦኛልና ገበሩ ውስጥ የተውኸው ትርፍ ጨርቅ ካለ ልቀቅልኝ፤ የቁልፍ ቀዳዳውን ግን እባክህ እንዳትነካው። ሁለተኛው፣ ከነጭ ሸማ ሱሪና እጀ ጠባብ እንድትሰፋልኝ ነው፤ ኮሌታው ቆሞ፣ ጥበቡ ቀጭንና ጥቁር ሰማያዊ ይሁን። ሸማውን ከሽሮ ሜዳ ገዝቼ በዚያው ፌስታል ውስጥ አድርጌዋለሁ። የሱፍ ልብስ ሰፊን ሸማ ስፋ ማለት ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከአንተ እጅ በቀር በሌላ እጅ እንዲሰፋልኝ አልፈልግም።

ልኬን ባለቤቴ ትናንት ማታ ወስዳዋለች፤ ደረት 102፣ ወገብ 98፣ ትከሻ 46፣ እጅጌ 61፣ የሱሪ ርዝመት 103 ሴንቲ ሜትር። ከማመንህ በፊት ራስህ ልትለካኝ ብትፈልግ ለኅዳር ጽዮን ማግስት ሐዋሳ መምጣት እችላለሁ። አዲሱን የስልክ ቁጥርህን ለእህትህ ልጅ ስጥልኝ፤ ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።

ወንድምህ