ባሕሩን ምረጪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። መልእክትሽ ደርሶኛል። የኦክቶፐስ ዘመድ የሆነውን ካትልፊሽን በገንዳ የሚያጠናው ቡድንም፣ ባለ ስምንት ክንዱን የባሕር እንስሳ ኦክቶፐስን ባሕር ውስጥ የሚከታተለው ቡድንም እንደሚፈልጉሽ ሳነብ ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። «እማዬ፣ የቱን ልምረጥ?» ብለሽኛል። እኔ የባዮሎጂ ሰው አይደለሁም። ግን ይህን ሙያ ከያዝሽ ወዲህ የላክሽልኝን ጥናት ሁሉ አንብቤያለሁ፤ ያልላክሽልኝንም ፈልጌ አንብቤያለሁ። ስለዚህ ሳላቅማማ ልንገርሽ፤ ባሕሩን ምረጪ።

ገንዳውን መናቄ አይደለም። ኦክቶፐስ ግማሽ ቢሊዮን የሚጠጋ የነርቭ ሕዋስ እንዳለው፣ ከዚያም ሁለት ሦስተኛው ገደማ በክንዶቹ ውስጥ እንደሚገኝ የተረዳነው በቤተ ሙከራ ነው። በቅጽበት ቀለሙን የሚቀያይር እንስሳ ራሱ ቀለም እንደማይለይ የተፈተነውም እዚያው ነው። ይህ ሁሉ ክብር የሚገባው ሥራ ነው። ግን ገንዳ የሚያሳይሽ እንስሳው ምን እንደሚችል ነው። ባሕሩ ግን እንዴት እንደሚኖር ያሳይሻል። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባል የለ?

ከአእምሮዬ የማትጠፋ አንዲት እናት አለች። ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ ካንየን በሚባለው የባሕር ውስጥ ሸለቆ፣ 1,400 ሜትር ጥልቀት ላይ። በ2007 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) ተመራማሪው ብሩስ ሮቢሰንና ባልደረቦቹ በገመድ የሚመራ ሮቦት ወደ ታች ልከው አንዲት ኦክቶፐስ ወደ አንድ ዐለት ስትጠጋ አዩ። ከአንድ ወር ጥቂት አለፍ ብሎ ሲመለሱ እንቁላሏን ዐለቱ ላይ ጥላ ታቅፋ አገኟት። ያቺው መሆኗን በምን አወቁ? በሰውነቷ ላይ ባሉት ጠባሳዎች። ከዚያ በኋላ እየተመላለሱ ጎበኟት። ሁልጊዜም እዚያው ናት። ሸርጣንና ሽሪምፕ በአጠገቧ ሲያልፉ ዘወር አትልም። በሮቦቱ ክንድ የሸርጣን ቁራሽ ቢያቀርቡላትም አልነካችም። አንድም ቀን ስትበላ አልታየችም። ቆዳዋ እየገረጣና እየላላ፣ ዓይኗ እየደፈረሰ ሄደ። እንቁላሎቹ ግን እያደጉ ነበር። በ2011 መጨረሻ ገደማ ሲወርዱ እሷ የለችም፤ የቀረው የተፈለፈሉ እንቁላሎች ባዶ ሽፋን ነው። 53 ወር! ከዚህ በላይ እንቁላል የታቀፈ እንስሳ አይታወቅም።

ልጄ፣ ይህን የትኛው ገንዳ ይነግርሽ ነበር? አንድ ጊዜ ብቻ ወርደው ቢሆን ኖሮ «ዐለት ላይ የተቀመጠች ኦክቶፐስ» ብለው መዝግበው ያልፉ ነበር። ታሪኩን ያወጣው ወደ አንድ ቦታ ደጋግሞ መመለሱ ነው። ለኔ የሥራችሁ ሁሉ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

ደግሞ አንዱ ጥያቄ ሌላውን ይወልዳል። ያን ያህል የሚያስቆየው ብርዱ ነው፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ጽንሱ ቀስ ብሎ ያድጋል። ታዲያ ከዚያ በባሰ ብርድ ውስጥ የሚኖሩትስ እንዴት ይሆናሉ? በ2018 ዳቪድሰን ከሚባለው የባሕር ውስጥ ተራራ ግርጌ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ኦክቶፐሶች ተሰብስበው እንቁላል ሲታቀፉ ተገኙ። በ2023 የታተመው ጥናት 6,000 የሚጠጉ ቆጥሯል። በዙሪያው ያለው ውሃ 1.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። እናቶቹ የተቀመጡበት የዐለት ስንጥቅ ግን ከሥር ለብ ያለ ውሃ ስለሚወጣበት ወደ 5 ዲግሪ ይደርሳል። በዚያ ብርድ ብዙ ዓመት ይፈጃል የተባለው እንቁላል እዚያ ከ2 ዓመት ባነሰ ጊዜ ይፈለፈላል። ይህን ሳነብ ተነስቼ ቤቱን ዞርኩት።

ስለ ሌላው የኦክቶፐስ ዘመድ፣ ስለ ስኩዊድም ላንሳ፤ እዚያ ያለው ትምህርት ሌላ ነው። ግዙፉን ስኩዊድ ሰው ለረጅም ዘመን የሚያውቀው ከሬሳው ነው። ባሕር ዳር የተጣለ፣ ወይም ስፐርም ዌል ከሚባለው ዓሣ ነባሪ ሆድ የወጣ። በሕይወት እያለ በመኖሪያው ፎቶ የተነሳው በ2004 ነው። ጃፓናውያኑ ጹነሚ ኩቦደራና ክዮይቺ ሞሪ ዓሣ ነባሪዎቹ የሚያድኑበትን ቦታ አጥንተው፣ ኦጋሳዋራ ደሴቶች አጠገብ ማጥመጃና ካሜራ 900 ሜትር ድረስ አወረዱ። ስኩዊዱ መጥቶ ማጥመጃው ላይ ተጠመጠመ። አንዱ ረጅም ክንዱ ተይዞበት ከ4 ሰዓት በላይ ሲታገል ቆየ፤ በመጨረሻ ክንዱ ተበጥሶ ሄደ። ፎቶዎቹ ድንቅ ናቸው። ያ የተበጠሰ ክንድ ግን ቅር ይለኛል፤ እውነቴን ነው።

ለዚህ ነው የባሕር ተመራማሪዋ ኢዲት ዊደር የሠራችው ይበልጥ የሚማርከኝ። ችግሩ እኛው ነን ብላ ተነሳች። ነጭ መብራት እያበራን፣ ሞተር እያንጫጫን ወርደን «እንስሳው የለም» እንላለን። እሷ ግን ሞተር የሌለው ካሜራ ሠራች፤ መብራቱም ቀይ ነው፣ ምክንያቱም አብዛኞቹ የጥልቅ ባሕር እንስሳት ቀይ ብርሃን አያዩም። ከዚያ አጠገብ ክብ እየሠራ የሚያበራ ሰማያዊ መብራት አደረገች። አንድ የጥልቅ ባሕር ጄሊፊሽ ሲጠቃ እንደዚያ ያበራል። ብርሃኑም አጥቂውን ራሱን የሚበላ ትልቅ አዳኝ ይጠራል ተብሎ ይታሰባል። ግዙፉ ስኩዊድ መጣ! በ2012 በጃፓን ባሕር ክልል፣ በ2019 ደግሞ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ 759 ሜትር ላይ በቪዲዮ ተቀረጸ። የሁለተኛውን ቪዲዮ አይተሽዋል። ከጨለማው ውስጥ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ እንደ አንድ ገመድ ይመጣል፤ ከዚያ ድንገት ክንዶቹን ይዘረጋና መብራቱን ይነካካል። ምግብ አለመሆኑን ሲያውቅ ጥሎት ይሄዳል። ማንም አልተጎዳም፤ የታየውም ሁሉ የራሱ ፈቃድ ነው። አንቺም ዕቃሽን ስታዘጋጂ እንደዚህ አስቢ።

ከሱም ይበልጥ የሚከብደው ኮሎሳል ስኩዊድ ስም ያገኘው በ1925፣ ከስፐርም ዌል ሆድ በተገኙ ክንዶች ነው። በመኖሪያው በሕይወት የተቀረጸው ግን በ2025 ነው፤ ደቡብ ሳንድዊች ደሴቶች አጠገብ፣ 600 ሜትር ላይ። ያውም 30 ሴንቲሜትር የምታህል ግልገል ናት። አዋቂው ገና ይጠብቃል።

ጥልቁ ብቻ እንዳይመስልሽ። አንቺን የሚፈልግሽ ቡድን የሚሠራው በትንፋሽ ዕቃ በሚጠለቅበት ውሃ ነው፤ እዚያም ገና ያልተነካ ብዙ ነገር አለ። በቀይ ባሕር የተሠራውንና በ2024 የወጣውን የኤድዋርዶ ሳምፓዮን ጥናት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ኦክቶፐሱ ከዓሦች ጋር አብሮ ያድናል። ጎትፊሽ የሚባሉት ወደፊት እየቀደሙ አካባቢውን ያስሳሉ። ኦክቶፐሱ ይከተልና ኮራሉ ላይ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ክንዶቹን በየስንጥቁ ያስገባል፤ ከውስጥ የሚበረግገውን ዓሦቹ ይቀልቡታል። ሳይለፋ የሰው እጅ የሚጠብቅ ዓሣ ከመጣ ደግሞ ኦክቶፐሱ ክንዱን ሰብሰብ አድርጎ ይሰነዝርበታል። በቡጢ! ማን እንደመራና ማን እንደተከተለ የታወቀው፣ አደኑን በብዙ ካሜራ ቀርጸው የእያንዳንዱን እንቅስቃሴ በሦስት አቅጣጫ ስለለኩ ነው። በዓይን ብቻ አይቶ «ኦክቶፐሱ አለቃ ነው» ማለት ይቀል ነበር።

አንድ ነገር አደራ የምልሽ እዚህ ላይ ነው። የምትወጂውን እንስሳ ሰው አታድርጊው። አውስትራሊያ ጀርቪስ ቤይ ውስጥ ኦክቶፐሶች ደለልና ዛጎል ሲወራወሩ ተቀርጿል። ማንም ሰው ቪዲዮውን ቢያይ «ተጣሉ» ይላል። ተመራማሪዎቹ ግን አልቸኮሉም። ከ100 በላይ ውርወራ አንድ በአንድ አዩ፤ ምን እንደተወረወረ፣ ምን ያህል በኃይል፣ ወርዋሪው ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው። ሌላውን የሚመቱት ውርወራዎች ኃይለኞች ሆነው ተገኙ። በብዛት ደለል ናቸው፤ ወርዋሪውም ጠቆር ያለ ነው። «ሆን ብለው ሳይሆን አይቀርም» ለማለት የደፈሩት ይህን ሁሉ ከቆጠሩ በኋላ፣ በ2022 ነው። እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ ልቤን ይሞላዋል።

ከባዱንም አልደብቅሽም። አብዛኞቹ ኦክቶፐሶች ዕድሜያቸው ከአንድ ሁለት ዓመት አይዘልም። ዘንድሮ ጎሬዋን ያወቅሽላት ለከርሞ አትኖርም። ማዕበል አንድ የሥራ ወቅት ከበላብሽ ያ ትውልድ አመለጠሽ ማለት ነው። ገንዳ ውስጥ የሚሠሩት ጓደኞችሽ በየዓመቱ ጽሑፍ ሲያወጡ፣ አንቺ ያልጠራ ውሃ ላይ አፍጥጠሽ ልትቀሪ ትችያለሽ። ተስፋ አትቁረጪ። ሰማያዊ ቀለበት ያላትን ትንሿን ኦክቶፐስ ግን ብታይ እጅሽን አርቂ። መርዟ ትንፋሽ የሚያቆም ነው፤ ማርከሻም የለውም። ይህን እንደምታውቂ አውቃለሁ፤ እናት ስለሆንኩ ደገምኩት።

መልስ ከመስጠትሽ በፊት ቡድኑን ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ ሁልጊዜ ጥንድ ሆነው ነው የሚጠልቁት? ካልሆነ ይቅርብሽ፣ ይህን ያህል የወተወትኩሽንም ሁሉ እርሺው። ሁለተኛ፣ በጀቱ ወደዚያው ቦታ ለስንት ዓመት ለመመለስ ይበቃል? የአንድ ወቅት ብቻ ከሆነ፣ ከመፈረምሽ በፊት ቢያንስ ለሦስት እንዲያስቡበት ተነጋገሪ።

የመጀመሪያውን ቪዲዮ ስትቀርጪ ደግሞ ቆርጠሽ እንዳትልኪልኝ። ሙሉውን ላኪው፤ ምንም ባይታይበትም ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።

የምትወድሽ እናትሽ