ብድር ተብሎ የተፈረመ ሽያጭ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት ለልጃቸው ሕክምና ከአራጣ አበዳሪ ገንዘብ ወሰዱ። «ለመተማመኛ ብቻ ነው» ተብለው የፈረሙት ግን የቤት ሽያጭ ውል ነበር። ዛሬ በገዛ ግቢያቸው ተከራይ ናቸው።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የግለሰቦች ብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ አይበልጥም፤ አበዳሪው የመያዣውን ቤት ያለ ሕግ ሥርዓት እንዲወስድ የሚፈቅድ ስምምነትም አይጸናም። አራጣ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 ያስቀጣል። አበዳሪዎቹ ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል፤ ብድሩን በሽያጭ የሚሸፍኑትም ለዚሁ ነው።

ውል የሚያረጋግጡ ሠራተኞች ሻጩን ለብቻ አስቀምጠው «ገንዘቡን በእርግጥ ተቀብለዋል? ከቤቱስ መቼ ይወጣሉ?» ብለው ቢጠይቁ ምን ይጎድልባቸዋል? አምስት ደቂቃ እንኳን አይፈጅም።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ