ለሳነቴው ቀን

ልጄ፣

ከጓደኞችሽ ጋር ባሌ ለመውጣት ጥርን መምረጣችሁ ደስ አሰኝቶኛል። ሰማዩ ጥርት የሚለው፣ መንገዱም የሚደርቀው በበጋ ነው። አንድ አደራ አለኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከተራሮቹ አናት ባለው የሳነቴ ሜዳ ላይ ዋሉ። ብዙ ሰው ከጎባ ተነሥቶ ሜዳውን በመኪና ያቋርጥና ሐረና ጫካ ደርሶ በዚያው ቀን ይመለሳል። ያየው ነገር ቢኖር በመስኮት ያለፈውን ብቻ ነው።

ጎባ 2,700 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ሳነቴ ደግሞ 4,000። መኪናው ዳገቱን በአጭር ጊዜ ስለሚጨርሰው ሰውነት ሳይለምድ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይመጣል። ስለዚህ ዋዜማውን 3,100 ሜትር ላይ ባለችው ድንሾ እደሩ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤትም እዚያው ስለሆነ መግቢያ ከፍላችሁ አስጎብኚ ያዙ። ላይ ወጥታችሁ ራሱን የሚያመው ካለ አሳርፉት፤ ካልተሻለው፣ ካስመለሰው ወይም እርምጃው ከተንገዳገደ ሳትከራከሩ ወደ ጎባ አውርዱት።

ጧት ውርጭ ነው፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል። ስስ ልብስ ደራርቡ፤ አንድ ወፍራም ጃኬት ብቻ የያዘ ሰው ሲሄድ ያልበውና ሲቀመጥ ላቡ ይቀዘቅዝበታል። ባርኔጣ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ለመቀመጫ ጋቢ፣ ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውሃ ይበቃል። ለስንቅ ከጭኮ የሚሻል የለም፤ ትንሹ ያጠግባል፣ ማሞቅም አይሻም። እዚያ እናበስላለን እንዳትሉ፤ ውሃው በ87 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ምስር አይበስልላችሁም፣ እሳቱም ለአስታ ቁጥቋጦው ጠንቅ ነው። ቡናውን በፔርሙዝ ያዙ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ትኩስ አፈር የተቆለለበት ጉድጓድ ፈልጉና 30 ሜትር ያህል ርቃችሁ ተቀመጡ። ግዙፉ ፍልፈል መጀመሪያ ጭንቅላቱን ብቻ ብቅ ያደርጋል፤ ዓይኖቹ አናቱ ላይ ስለሆኑ ዙሪያውን ይቃኛል። ጸጥ ካለለት እስከ ወገቡ ወጥቶ ሣሩን በጥርሱ እየነጨ ወደ ጉድጓዱ ይጎትታል። ብዙ ጊዜ አጠገቡ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ትቆማለች፤ እሷ ደንግጣ ስትጮኽ እሱም ይሰወራል። ቀይ ቀበሮ በመንጋ ቢኖርም ፍልፈልን የሚያድነው ለብቻው ነው፤ ሆዱን ለመሬት አስጠግቶ፣ እየቆመ እየሄደ ይቀርባል። አንዳችሁ ለፎቶ ብድግ ካላችሁ ሁሉም ነገር ያበቃል። አንድ ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥ ለጓደኛሞች ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ ግን የቀኑ ጣዕም እዚያ ሰዓት ውስጥ ነው።

ለቀበሮው ምግብ አትወርውሩ፣ ውሻም ይዛችሁ አትሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል፤ በዓለም የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 ያንሳሉ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ባሌ ናቸው።

የቱሉ ዲምቱን ተራራ (4,377 ሜትር) ከወደዳችሁ ከምሳ በፊት ውጡት፤ ከሰዓት በኋላ ከሐረና በኩል ደመና ሊነሣ ይችላል። የታመመ ካለ ግን ይቅርባችሁ፣ መኪና አናቱ ድረስ ቢወጣም። 10 ሰዓት ላይ ጉዞ ጀምሩ፣ ሾፌሩንም ቀስ እንዲል ንገሩት፤ አውሬው መንገዱን ያቋርጣል።

ጎባ ስትገቡ ደውዪልኝ።

አባትሽ